«ዘጉን» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ አንድ ምሽት ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ውጭ አገር ሆነው አንዲት የአማርኛ የዜናና የትንታኔ ድረ ገጽ የሚያዘጋጁ፣ የማከብራቸው አንጋፋ ጋዜጠኛ ናቸው። ድረ ገጿን ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች ጋር ከኪሳቸው እያወጡ ዐሥር ዓመት አቆይተዋታል።

«ልጄ፣ ዘጉን!» አሉኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ማን ነው የዘጋችሁ ጋሼ?»

«ማን ይመስልሃል? የድረ ገጻችንን ስም ጎግል ላይ ስጽፈው የሚመጣው የፌስቡክ ገጻችን ብቻ ነው። በቀን አራት ሺህ ሰው ይገባበት የነበረው ቤት ዛሬ ሦስት መቶ አልሞላም። መግለጫ አዘጋጅተናል፤ አንብብና አስተካክልልኝ፣ ነገ ጠዋት እንለቀዋለን።»

መግለጫውን አነበብኩት። ርእሱ ስለ «ዲጂታል አፈና» የሚያወራ ነበር። ስም ባይጠራም ማን እንደተከሰሰ ማንም ያውቃል። «ጋሼ፣ እባክዎ ሁለት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። ቅር እያላቸው ሰጡኝ።

ያ ሁለት ቀን ያስተማረኝን ነገር ዛሬ ለእናንተ ላካፍል። ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መስሏችሁ እንዳታልፉት። በአማርኛ የሚጽፍ፣ በአማርኛ የሚያነብና በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። አዲስ አበባ ላለች የአክስቴ ልጅና ባሕር ዳር ላለ ጓደኛዬ አድራሻውን ልኬ «ይከፈትላችኋል?» አልኳቸው። ሁለቱም በስልክ ዳታ ከፈቱት፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ።

ይህች ልዩነት ትልቅ ናት። መታገድ ሌላ፣ ከፍለጋ መጥፋት ሌላ። መንግሥት ድረ ገጽ ሲያግድ፣ አገር ውስጥ ያለው ሰው አድራሻውን ቢጽፈውም አይከፈትለትም፤ ጎግል ላይ ግን ስሙ መታየቱን ይቀጥላል። እኛ ይህን አሳምረን እናውቀዋለን። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች እንደተከፈቱ ሲነገር፣ ብዙዎቻችን ለዓመታት በጓሮ በር ስናነባቸው የነበሩትን በፊት ለፊት በር የገባንበት ጊዜ ነበር። ከፍለጋ መጥፋት ግን ተቃራኒው ነው። ቤቱ ክፍት ነው፣ መብራቱም በርቷል፤ የጠፋው መንገዱን የሚያሳየው ምልክት ነው።

ቀጥዬ ጎግል ላይ አንዲት ነገር ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» ብሎ ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የድረ ገጹን አድራሻ ማስከተል ነው። እንዲህ ሲጻፍ ጎግል ከዚያ ቤት የመዘገባቸውን ገጾች ብቻ ያሳያል። ቁጥሩ ልክክ ያለ ባይሆንም ስለ ጤንነቱ ፍንጭ ይሰጣል። የዐሥር ዓመት ጽሑፍ ካከማቸው ከዚያ ቤት የመጡት ጥቂት የቆዩ ገጾች ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልበል። ጎግል አንድን ገጽ ለእኛ ከማሳየቱ በፊት ሦስት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ጎግልቦት የሚባለው ሮቦቱ እየዞረ ገጾችን ያነባል። ቀጥሎ ያነበበውን ኢንዴክስ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ያስገባል። በመጨረሻ አንድ ሰው ሲፈልግ ከመዝገቡ አውጥቶ በደረጃ ይደረድራል። ሮቦቱ በር ላይ ከተመለሰ መዝገቡ ውስጥ መግባት ያዳግታል። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ደግሞ ደረጃ የለውም። ስለዚህ «ደረጃችን ለምን ወረደ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው «ለመሆኑ መዝገቡ ውስጥ አለን ወይ?» ከሚለው በኋላ ነው።

የጋሼ ድረ ገጽ ከመዝገቡ እየወጣች ነበር። ለምን? መልሱ የተገኘው በሁለተኛው ቀን፣ ዎርድፕረስ ውስጥ፣ «ሴቲንግስ» ከሚለው ሥር «ሪዲንግ» የሚባለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «የፍለጋ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ አድርግ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አጠገቧ ተጽፏል። ሳጥኗ ላይ የራይት ምልክት ተደርጎባታል።

ማን አደረገው? ጠላት አይደለም። ከዐሥር ቀን በፊት የድረ ገጿን መልክ ያሳመረላቸው ትጉህ ወጣት ነው። አዲሱን መልክ ለሙከራ በተለየ ቦታ ሲሠራ፣ ያላለቀ ሥራ ጎግል ላይ እንዳይወጣ ሳጥኗን ራይት አደረጋት። ትክክል ነበር። ሥራው አልቆ ወደ ዋናው ቤት ሲዛወር ግን ራይቷ አብራ ተዛወረች። ማንሳቱን ረሳው። ጎግል «አትመዝግበኝ» የሚለውን ትእዛዝ እያነበበ፣ እንደተባለው ገጾቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ አወጣ። አፈናው የተፈጸመው በገዛ ጓዳችን፣ በአንዲት ራይት ነበር።

ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። ከዚያም «ያ መግለጫ ወጥቶ ቢሆን ኖሮስ?» አሉኝ።

የዛሬው ጽሑፌ ጭብጥ ይኸው ጥያቄ ነው። ያ መግለጫ ወጥቶ ቢሆን በአንድ ቀን ሺዎች ይቀባበሉት ነበር። ከሳምንት በኋላ እውነቱ ሲወጣ ግን ማንም አይቀባበለውም። ነገ በእርግጥ የታገደ ቀን ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ያኔም እንዲህ ብለው ነበር» ይባላል። ሐሰተኛ የአፈና ጩኸት የእውነተኛውን አፈና ምስክር ያሳጣል። በማይገባ ቦታ የተወረወረ ክስ የሚጎዳው ተከሳሹን ብቻ አይደለም፤ በሚገባው ቦታ የምንጮኸውን ጩኸትም ዋጋ ያሳጣዋል።

ሌላም ጉዳት ነበር፤ እሱን የሚያሳይ ቁጥር ግን የለም። በዚያ ድረ ገጽ ላይ ለዓመታት ብዙ ሰው ያነበበው ጽሑፍ ስለ ፖለቲካ አልነበረም። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለሚሄዱ እኅቶች የተጻፈ፣ ውላቸውን እንዴት እንደሚያነቡ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው እንጂ የሠራተኛዋ እንዳልሆነ፣ በተራ አማርኛ ይነግራቸው ነበር። ጽሑፉ ከፍለጋ በጠፋባቸው ሳምንታት ያንኑ ጥያቄ ጎግል ላይ ጻፍኩት። ከላይ የመጡት «ቪዛ አለን፣ ፈጥናችሁ ደውሉ» የሚሉ የደላላ ገጾች ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት ስንት ልጅ ጠይቃ ስንት ደላላ እንደመለሰላት አላውቅም። የማውቀው መልሱ ተጽፎ እንደነበረና እንዳልተገኘ ነው። በዚህ ዘመን ያልተገኘ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ነው።

እንግዲህ ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ወይም ያለው ሰው የምታውቁ፣ አንድ ቀን ይህ ነገር ሲገጥማችሁ ከመጮህ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት የዋጠም ከዚያ አይሻልም።

አንደኛ፦ በእርግጥ ወርዷል? የወረደውስ ምኑ ነው?

ጎግል «ሰርች ኮንሶል» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለው። ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ስንት ሰው እንደነካችሁ፣ ከየት አገርና በየትኛው ጥያቄ እንደመጣ ቀን በቀን ያሳያል። ያልከፈታችሁ ዛሬውኑ ክፈቱ። የትንሣኤን ሳምንት ከተራ ሳምንት ጋር አታወዳድሩ፤ ካለፈው ዓመት ከዚያው ወቅት ጋር አወዳድሩ። አገር አገሩንም ለዩ። ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ከአገር ውስጥ የሚመጣው አንባቢ ጠፍቶ ነበር፤ ያ የጎግልም የድረ ገጾቹም ጥፋት አልነበረም። የጠፋው አንድ ገጽ ነው ወይስ ሁሉም? እንደ ገደል ነው የወረደው ወይስ እንደ ቁልቁለት? ገደል ከሆነ በዚያ ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር አለ። ቀኑን ያዙት፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛ፦ እኛ ራሳችን ምን ነካን?

ከላይ ያልኳት ሳጥን አንዷ ናት። «ሮቦትስ» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይልም አለ፤ እዚያ ውስጥ የምትገባ አንዲት መስመር ሮቦቱን ከመላው ቤት ልትከለክለው ትችላለች። አስተናጋጅ ሰርቨር መቀየር፣ አዲስ ፕለጊን መጫን፣ የዶሜይን ክፍያ ማለፍ ሁሉም ተጠርጣሪዎች ናቸው።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። የአማርኛ ርእስ ወደ ገጽ አድራሻ ሲለወጥ እያንዳንዱ ፊደል በኮድ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ደግሞ ለአንድ ጽሑፍ የአድራሻ ስም ከ200 ምልክት በላይ አይፈቅድም። አስሉት፤ ከሃያ ሁለት ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። አጀማመራቸው የሚመሳሰል ርእሶች ተቆርጠው አንድ ዓይነት ሲሆኑ መጨረሻቸው ላይ ቁጥር እየተጨመረ ይለያሉ፤ ሊንኩ ለሰው ሲላክም የማይነበብ ሰንሰለት ይሆናል። ይህ ያስመረረው አዘጋጅ አንድ ቀን ይነሣና አድራሻውን ሁሉ በቁጥር ወይም በእንግሊዝኛ ፊደል ይለውጠዋል። መለወጡ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ ሳያስቀምጡ መለወጥ ነው። ያኔ ለዓመታት የተጠራቀመው ሊንክ ሁሉ ወደ ባዶ ሜዳ ያመራል። በጋሼ ቤትም ሁለተኛው ችግር ይኸው ነበር፤ ራይቷን ካነሣን በኋላ ያገኘነው።

ሦስተኛ፦ ሌባ ገብቷል ወይ?

ፕለጊኑ ለዓመታት ያልታደሰ ድረ ገጽ ቁልፍ እንደሌለው ሱቅ ነው። ሰብረው የሚገቡት ሁልጊዜ የፊት ገጹን አያጠፉም። በስውር የቁማርና የሐሰት መድኃኒት ገጾችን በሺዎች ይተክላሉ። አንዳንዴ ገጾቹን ለጎግል ሮቦት ብቻ እንዲታዩ ስለሚያደርጓቸው ባለቤቱ ቤቱን ሲከፍት ሁሉም ሰላም ይመስለዋል። የሰርች ኮንሶል የደኅንነት ክፍል ወይም ያቺ የ«ሳይት» ፍለጋ ታጋልጣቸዋለች። በድረ ገጻችሁ ስም በጃፓንኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ካያችሁ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ተቀጥተናል ወይ?

ጎግል ሰው መርምሮ ቅጣት ሲጥል በሰርች ኮንሶል «ማንዋል አክሽንስ» በሚለው ክፍል በጽሑፍ ይናገራል። እዚያ ምንም ከሌለ ይህ ዓይነት ቅጣት የለባችሁም። ካለ ምክንያቱም ተጽፏል፤ አስተካክሎ «እንደገና ተመልከቱልን» ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄሲ ፔኒ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የሱቅ ኩባንያ ከማይገናኙት ሺዎች ድረ ገጾች ወደ እሱ የሚያመሩ ሊንኮች እንዳሉ ኒው ዮርክ ታይምስ ሲያጋልጥ፣ ጎግል ከላይኛው ረድፍ ወደ ታች ጣለው። ኩባንያው አላውቅም ብሎ የቀጠረውን አማካሪ አሰናበተ።

ይህ እኛንም ይመለከታል። «ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ የለም። አንደኛነትን ማንም ዋስ ሊሆንበት እንደማይችል ራሱ ጎግል ይናገራል። ከድረ ገጹ አንዱን ጥግ ለውርርድ ማስታወቂያ ጸሐፊዎች የሚያከራይም አለ። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሌላን ሰው ይዘት በራስ መልካም ስም ማስጠለልን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ኪራዩ ጥቂት ብር ያስገባ ይሆናል፤ የሚያስወጣው ግን ስምን ነው።

አምስተኛ፦ ጎግል ሚዛኑን ቀይሮ ይሆን?

በዓመት ጥቂት ጊዜ ጎግል አጠቃላይ የደረጃ አሰጣጡን ያሻሽላል፤ ሲጀምርና ሲጨርስም ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የጀመረው 45 ቀን ፈጅቷል። በዚህ የወረደ ሰው ጥፋተኛ አልተባለም፤ ይግባኝ የሚልበትም የለም። የሚቀረው ራስን መመርመር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቹ የአማርኛ ድረ ገጾቻችን አንዱን ዜና ከአንዱ የሚገለብጡ ናቸው። አንድ መግለጫ በሃያ ቤት፣ በአንድ ቃል፣ ከነፊደል ስሕተቱ ይወጣል። ጎግል ከሃያው ለማሳየት የሚመርጠው አንዱን ነው። አሥራ ዘጠኙ ተበደልን ማለት አይችሉም። ለሰው የሚጠቅም የራሳቸው ቃል ያላቸው ግን፣ እንደዚያች ስለ ሥራ ውል እንደተጻፈችው ጽሑፍ፣ ሲወርዱ የሚጎዳው ሕዝብ ነው።

ይህን ሁሉ ስል «ጥፋቱ ምንጊዜም የእኛ ነው» ማለቴ አይደለም። ሚዛን የያዘው ራሱ የሚያጭበረብርበት ጊዜ አለ።

ሺቮንና አዳም ራፍ የተባሉ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2006 ፋውንደም የተባለ የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ከፈቱ። ወዲያው ጎግል ላይ ቁልቁል ወረደ። በሌሎች የፍለጋ ሞተሮች ግን በደኅና ቦታ ይታይ ነበር። መጀመሪያ እንደ ማንኛችንም «በስሕተት በቆሻሻ ማጣሪያው ተይዘን ይሆናል፣ ብንነግራቸው ይስተካከላል» ብለው አሰቡ። አልተስተካከለም። ማስረጃ ሰበሰቡ፣ ለአውሮፓ ኮሚሽን አመለከቱ። ኮሚሽኑ በ2017 ጎግል የራሱን የግዢ አገልግሎት ከላይ እያስቀመጠ ተፎካካሪዎቹን ወደ ታች ገፍቷል ብሎ የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ጎግል ይግባኝ አለ። የመጨረሻው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ያጸናው በመስከረም 2024 ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት! ፋውንደም በዚህ መካከል፣ በ2016፣ ተዘግቷል።

ከዚህ ጋር ሌላ ታሪክ አስተያዩ። ራፕ ጂኒየስ የተባለው የዘፈን ግጥም ድረ ገጽ በታኅሣሥ 2013፣ ልክ በፈረንጆች ገና ቀን፣ ሊንክ በማሰባሰብ ዘዴው ተቀጣ፤ በገዛ ስሙ ሲፈለግ እንኳ ከፊት አይገኝም ነበር። ትልልቅ ባለሀብቶች የቆሙለት ድርጅት ነበርና ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሊንኮቹን አጸዳ፣ በዐሥር ቀን ገደማም ተመለሰ። ጥፋተኛው ዐሥር ቀን፣ ተበዳዮቹ ዐሥራ ስምንት ዓመት። የዚህን ዓለም በር የያዘው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ራፍ ባልና ሚስት የረቱት ግን ስለጮኹ ብቻ አልነበረም። ከጩኸታቸው በፊት መረመሩ። በሌሎች የፍለጋ ሞተሮች አመሳከሩ፣ የራሳቸውን ቤት ፈተሹ፣ የቀረውን ምክንያት በማስረጃ ያዙት። እኛ የአውሮፓ ኮሚሽን የለንም። በአማርኛ ፍለጋ ላይ የሚደርስ በደል የሚሰማበት ችሎትም አላውቅም። ስለዚህ ማስረጃ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

ለድረ ገጽ ባለቤቶች የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? በጋሼ ቤት ግማሹ ጊዜ ያለቀው ፓስወርድ ፍለጋ ነው። ዶሜይኑ የተመዘገበው ከስድስት ዓመት በፊት በሄደ ልጅ ኢሜይል ነበር። ሰርች ኮንሶሉን የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነም ያስታወሰ አልነበረም። የዐሥር ዓመት የሕዝብ መዝገብ በማይታወቅ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። የጋዜጣ ማተሚያ ቤቱን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ አዘጋጅ አለ? ታዲያ ይህስ ምን ልዩነት አለው? ዶሜይኑን በድርጅቱ ስም አስመዝግቡ። ከሁለት ያላነሱ ሰዎች ቁልፉን ይያዙ። ቅጂ አስቀምጡ። መልክ በተቀየረ ማግስት አንድ ሰው ያቺን ሳጥን ይይ። ይህ የቴክኒክ ሠራተኛ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የአዘጋጅነት ግዴታ ነው።

ለአንባቢም አንድ ቃል። እናንተም እኔም ወደ ቴሌግራም ተጠቃለናል። ይህ ጽሑፍ ራሱ ከሳምንት በኋላ በመቶ ፖስት ሥር ይቀበራል። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ርእሱን ጎግል ላይ ቢጽፍ ላያገኘው ይችላል። ለዛሬ ወሬ ቻናል ይበቃል፤ ለነገ ማስታወሻ ግን ቤት ያስፈልጋል። በራሳቸው ቃል የሚጽፉ የአማርኛ ድረ ገጾችን በቀጥታ አድራሻቸው ግቡባቸው፤ ሊንካቸውን አካፍሉ፤ ገልብጣችሁ አትለጥፉባቸው።

የጋሼ ድረ ገጽ ራይቷ ከተነሣችና ማዞሪያዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰች። ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ያቺ ስለ ሥራ ውል የተጻፈችው ጽሑፍም ወደ ቦታዋ መጣች፤ ከጥቂት የደላላ ገጾች በታች ብትሆንም። ጋሼ ያንን መግለጫ አልቀደዱትም። አትመው ጠረጴዛቸው በላይ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ከሥሩ በእጃቸው የጻፉት አንድ መስመር አለ፦

«መጀመሪያ ሳጥኗን እይ።»